ወፌ ዋሸች

ከጫንጮ ወዲህ ያለውን ቁልቁለት ስንወርድ ፍሬኑ አመል አወጣብኝ። ጨርሶ እምቢ አለኝ ማለቴ አይደለም፤ ያቺ መኪና እኔን እምቢ የምትልበት አንጀት አልነበራትም። ብቻ በረገጥኩት ቁጥር እንደ ሹም በር ጠባቂ «ቆይ፣ አሁን አይቻልም» እያለ ያጉላላኝ ጀመር። ትሬንታ ኳትሮ የሚሏት የጣልያን ጭነት መኪና ነበረች። ጣልያን ሲፈረጥጥ ጥሎልን ከሄደው ንብረት ሁሉ እንደ እሷ አፍንጫው የገዘፈ፣ ድምፁ ሦስት ተራራ ተሻግሮ የሚሰማ አልነበረም። በላይዋ ኑግ ጭኛለሁ፤ በኑጉ ላይ ሰው ተጭኗል፤ በሰዉ ጭን ላይ ደግሞ የሰላሌ ቅቤ በየቅሉ ተቀምጧል።

«አንተ ሾፌር! ቅቤዬን መልሰህ ወተት ልታደርገው ነው?» ብላ ጮኸች የሺወርቅ ከላይ። የሺወርቅ ከፍቼ ገበያ ቅቤ እየሰበሰበች አዲስ አበባ የምትሸጥ፣ ምላሷ ከምላጭ የሰላ ሴት ናት።

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ! የያዘሽ ጥሩሰው ነው!»

«እሱማ ነው የሚያስፈራኝ!»

ዘመኑ ሠላሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ታኅሣሥ ነው። ያኔ ከአዲስ አበባ እስከ ዓባይ አፋፍ ድረስ ሾፌር ከተባለ እኔ ጥሩሰው ነበርኩ፤ የቀሩት መሪ የጨበጡ መንገደኞች ናቸው። የሱሉልታ ሰው የመኪናዬን ድምፅ ሲሰማ ሰዓቱን ያስተካክላል ይባል ነበር። እርግጥ በዚያ ሁሉ ሜዳ ሰዓት ያለው ሰው አልነበረም።

ቁልቁለቱ ሊያልቅ ሲል፣ ድርቆሽ የሞላበት ቢጫ ሜዳ ከፊታችን ተዘርግቶ ሳለ፣ ወንዙ ዳር አንድ ሽማግሌ መንገዱ መሐል ቆመው ጋቢያቸውን እንደ ባንዲራ ሲያውለበልቡ አየሁ። በትከሻቸው ጥይት የሌለው ውጅግራ ጠመንጃ አንግተዋል። ኦቦ ኩምሳ ናቸው፤ የድልድዩ ዘበኛ።

«ቁም! ዋቃዮ! ቁም!»

ፍሬኑን ረገጥኩ፣ ማርሹን መለስኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ እናቴ የምትሳልላቸውን ታቦቶች በሙሉ በየስማቸው ጠራሁ። የፊት ጎማዬ ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። የሺወርቅ እስከ ዛሬ መኪናዋን ያቆማት ኦቦ ኩምሳ ጎማው ሥር የወረወሩት ግንድ ነው እያለች ታወራለች። ታሪክን ከኑግ ጆንያ ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

ወርጄ ሳይ ድልድዩ ድልድይ አልነበረም። ጣልያን በጥድፊያ የዘረጋው ብረት አለ። ከላዩ የተነጠፈው ጣውላ ግን፣ ከሰበታ ማዶ ከሱባ ጫካ ተሰንጥቆ የመጣው፣ ሬንጅ ጠጥቶ የጠቆረው የጽድ ጣውላ፣ እዚህም እዚያም ተነቅሏል። በየጎደለው ቦታ ጭራሮ ተረብርቦ ሣር ያለው አፈር ተደልድሎበታል። ከሩቅ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ ሲጠጉት የጅብ ወጥመድ።

«ኦቦ ኩምሳ፣ አካም ጅርቱ? ይሄ ምንድን ነው?»

«ደህና ነን፣ ተመስገን። ይሄማ ድልድይ ነበር።»

«ጣውላውስ?»

ሽማግሌው ማዶ ወደሚታዩት ጎጆዎች አዩ፤ ከዚያ ውሃውን አዩ። «ጣውላው ሄደ» አሉ።

«በእግሩ?»

«በሰው እግር።»

ነገሩ በዚሁ ቢያልቅ እኔም ኑጌን አራግፌ፣ ብረቱን በእግሬ ተሻግሬ ሌላ መኪና እፈልግ ነበር። ግን የመንገድ ሹም ከአዲስ አበባ ሊጎበኝ ይመጣል የሚል ወሬ ቀድሞ ደርሶ ኖሮ፣ የወረዳው ዳኛ ግራዝማች ተድላ በዚያው ከሰዓት በኋላ ወታደር አስከትለው በበቅሎ ከተፍ አሉ። ነጭ ተፈሪ ሱሪ፣ ጥቁር ካባ፣ ባርኔጣ። ከሰሜን በሹመት የመጡ ሰው ናቸው፤ ሲቆጡ አገጫቸው ከቃላቸው ይቀድማል። ድልድዩን አዩ፤ ኦቦ ኩምሳን አዩ።

«አንተ ምን ትጠብቅ ነበር?»

«ድልድዩን፣ ጌታዬ።»

«የቱን ድልድይ?»

ግራዝማች ወደተሰበሰበው ሰው ዞሩ። «ነገ አውጫጭኝ ነው! ወንዱም ሴቱም፣ አቅመ አዳም የደረሰ ሁሉ ሜዳው ላይ ይውጣ። ሌባው ሳይወጣ ማጨድ የለም፣ መውቃት የለም፣ ገበያ የለም። ሌባው ካልወጣ ደግሞ ይሄ ዘበኛ በሰንሰለት አዲስ አበባ ይወርዳል። መንገደኛም ቢሆን ከዚህ ንቅንቅ የሚል የለም!»

«ቅቤዬስ፣ ጌታዬ?» አለች የሺወርቅ።

«ቅቤሽም!»

አውጫጭኝን ያላየ አንባቢ ካለ ላስረዳው፤ እኔ ያላየሁት ነገር ስለሌለ። አገር ምድሩ ሜዳ ላይ ይታጎራል። የተመረጡ ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ሰው አንድ በአንድ ጠጋ ይልና «ወፍ እንዲህ ነገረችኝ» ብሎ በጆሯቸው ሹክ ይላል። ወፏ ማን ናት ተብሎ አይጠየቅም። ስም የጠራ ሰው በስም አይጠራም። ወፍ እስክትናገር ድረስ ሰዉ እዚያው ፀሐይ ይመታዋል፣ እዚያው ይራባል፣ አዝመራው እያየው ይረግፋል። የወፍ ምላስ የሚፈታው ለዘመድ በማዘን አይደለም፤ ለገብስ በማዘን ነው።

በማግስቱ ሜዳው ጢም አለ። እኔ ብቻዬን ሦስት ሰው የሚያህል ቦታ ይዤ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ከትልቁ ወይራ ሥር ሆኑ፤ አለቃቸው ኦቦ ዳዲ፣ ጺማቸው እምብርታቸውን ሊነካ ትንሽ የቀረው፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው። ኦቦ ኩምሳን ከዚያው ወይራ ግንድ ጋር በጠፍር አሰሯቸው። ከዚያ የግራዝማች ወንበር በሁለት ጎረምሳ ሸክም መጣ። ቡራዩ ያለው አናጢ ቀጄላ ሰሞኑን የሠራው አዲስ ወንበር ነው፤ መደገፊያው የቤተ ክርስቲያን በር ያህላል፣ ላዩ በነጭ አጎዛ ተሸፍኗል። ግራዝማች ፀሐዩ መሐል ተቀመጡበት። ዳኛ ጥላ አይፈልግም አሉ፤ ሕዝብ የሚያየው ፊት ያስፈልገዋል።

እኔ ውሃ በኮዳ ይዤ ኦቦ ኩምሳ አጠገብ ሄድኩ። ከገደል ያተረፈኝን ሰው (የእኔ ችሎታ እንዳለ ሆኖ) በጥማት አልተውም።

«ማን እንደሆነ ያውቃሉ?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ዘበኛ አይደለሁም?»

«ታዲያ ለምን አይናገሩም?»

ውሃውን ካጠጣኋቸው በኋላ ጺማቸውን በትከሻቸው ጠረጉ። «አንዱን ብጠራ ውሸት ይሆናል። ሁሉን ብጠራ ከማን ጋር እኖራለሁ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ነገር ቶሎ ይገባኛል።

ነገሩን ቀስ ብለው አጫወቱኝ። መጀመሪያ አንዱ ለጥጃ ቤቱ አንድ ጣውላ ነቀለ። ኧረ ተው ሲሉት፣ «ኦቦ ኩምሳ፣ ይሄ እኮ የጣልያን ነው፤ ምርኮ ነው!» አላቸው። ጣልያን ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰዉ ግን ገና ይማርከዋል። ሁለተኛው መጣና እገሌ የማረከውን እኔ ለምን አልማርክም አለ። ሦስተኛው የአርበኛ ልጅ ነኝ አለ። እንዲህ እንዲህ እየተባለ፣ አንድ ጥይት ሳይተኮስ፣ የሱሉልታ ሕዝብ ጣልያንን ለሁለተኛ ጊዜ ድል አደረገው።

«እኔም» አሉ ኦቦ ኩምሳ፣ «የጎደለውን በጭራሮ ብሞላው ሙሉ ይመስላል አልኩ። ጎረቤት ከማሳፈር ብዬ። እኔም አለሁበት፣ ሾፌር።»

ረፋዱ ላይ ሹክሹክታው ቀጠለ፤ ሰዉም ተራውን ሲጠብቅ ወሬ አማረው። ወሬ ያማረው ሰው ደግሞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው።

«ሾፌር፣ ያቺን የአሜሪካንን ቦምብ ንገረን እስቲ» አለኝ አንዱ።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ስለ ቦምቧ የሰማሁት አዲስ አበባ መኪናዬን ከሚጠግን አንድ እንግሊዛዊ ነው፤ በጊዜው ከእንግሊዝ ንጉሥና ከእኔ በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም። «ቦምቧ» አልኩ፣ «ሎሚ ታህላለች።»

«ትናንት ጫንጮ ላይ እንስራ አክላ ነበር» አለች የሺወርቅ፣ የቅቤ ቅሎቿን በነጠላዋ ከፀሐይ እያስጠለለች።

«ስትሞቅ እንስራ፣ ስትቀዘቅዝ ሎሚ! በጃፓን አገር አንድ ከተማ ላይ ጣሏት። አንዷን ብቻ! ከተማው እንዳለ ሄደ። ሰውም፣ ቤትም፣ በጉም። የሰው ጥላ ግድግዳ ላይ ቀረ፤ ሰውየው የለም።»

ይህኛውን አጋንኜ ማውራት አልቻልኩም ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ችግር ገጥሞኝ አያውቅም።

«ማን ሠራት?» አሉ አዴ ደጊቱ። አዴ ደጊቱ የመንደሩ ትልቋ ሴት ናቸው፤ ወገባቸው ጎብጧል፣ ዓይናቸው ግን ከጭልፊት ይሻላል።

«እንግሊዙ እንደነገረኝ ብዙ ሰው ነው የሠራት፤ አንድ ከተማ ሙሉ ሠራተኛ። አንዱ ብረት ያቀልጣል፣ አንዱ ብሎን ያጠብቃል፣ አንዱ ሰዓት ያያል። አብዛኞቹ ምን እንደሚሠሩ እንኳ አያውቁም ነበር አሉ። ከሥራቸው ወጥተው ቤታቸው ይገባሉ፣ ራታቸውን ይበላሉ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ሰው የገደለው ማን ነው?»

«የጣላት ነዋ» አለ አንዱ።

«እሱማ የታዘዘ ነው» አለ ሌላው።

«ያዘዘው ነዋ!»

«ያዘዘውስ ብሎን ያውቃል?»

ከወይራው ሥር የኦቦ ኩምሳ ድምፅ መጣ። እጃቸው ታስሮ ፊታቸው ግን ፈገግ ብሏል። «እዚያም አውጫጭኝ ቢቀመጡ» አሉ፣ «ወፏ ማንን ትጠራ ይሆን? የከተማውን ዘበኛ?»

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ግን አጭር ነበር። እያንዳንዱ ወደ መሬት ሲያይ አየሁ፤ ሣር የሚነጭ፣ ጫማ የሌለው እግሩን የሚመረምር፣ ደመና የሚፈልግ። አዴ ደጊቱ ብቻ ኦቦ ኩምሳን አተኩረው ያዩ ነበር።

ከቀትር በኋላ ሹክሹክታው አለቀ። በሰሜን በኩል ደመና ያዘ፤ በታኅሣሥ ዝናብ ያልታጨደ ገብስ ያለው ሰው የሚያስበው ሌላ ነገር የለም። ሽማግሌዎቹ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጠሙ፤ ኦቦ ዳዲ በዝግታ ተነሡ። ፊታቸው ደስ አላለኝም።

«ወፍ ተናገረች» አሉ። «ሁሉም ወፍ አንድ ስም ጠራ።»

«ማንን?» አሉ ግራዝማች።

«ኩምሳን።»

እኔ ብዙ አገር ዞሬያለሁ፤ የሰውን ልጅ ጠባይ እንደ ሞተር ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። ግን ያን ቀን ያየሁትን ሌላ ቀን አላየሁም። ከጣውላው የወሰደ ሁሉ፣ ያለ ምክክር፣ በየግሉ፣ ሽማግሌዎቹ ጆሮ ላይ ደርሶ ያንኑ ስም ተፍቷል። ማንም ኩምሳን አልጠላም። እንዲያውም ይወዷቸዋል። የታሰረ ሰው ስም ለመጥራት ስለሚቀል ብቻ ነው።

ኦቦ ኩምሳ ቀና አሉ። «እሺ» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ እኔ ስሄድ አዴ ደጊቱን ወንዙን ማን ያሻግራቸዋል?»

ጣውላው ከጎደለ ጀምሮ አዴ ደጊቱን በጀርባቸው አዝለው ብረቱን የሚያሻግሯቸው እሳቸው ነበሩ። አልተሳደቡም፣ አልማሉም። ይህን ብቻ ጠየቁ።

ግራዝማች እጃቸውን አነሡ። «ሰንሰለቱን አምጡ።»

«ቆይ።»

አዴ ደጊቱ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። ለመነሣት ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው፤ ማንም ግን ሊረዳቸው አልደፈረም።

«ወፌ ዋሸች» አሉ።

«ምን አልሽ፣ እናቴ?» አሉ ግራዝማች።

«ወፌ ዋሸች አልኩ። ለዳዲ በጆሮው ኩምሳ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ጣውላው አልጋዬ ሥር ነው፤ እህል ማስቀመጫ አደረግሁት። አንድ ጣውላ ምን አላት ብዬ ነበር። ብሎኑን ያጠበቀውም እንደዚያው ብሎ ይሆናል።» ወደ እኔ ዘወር አሉ። «አይደል፣ ሾፌር?»

ጭንቅላቴን ብቻ ነቀነቅሁ።

ሄዱ። ማንም አላገዳቸውም፤ አውጫጭኝ ተጥሶ አያውቅም ነበር፣ ያን ቀን ግን አንዲት ጎባጣ ሴት ሕዝቡን ሰንጥቃ ስትወጣ ወታደሩም ዳኛውም እያዩ አሳለፏት። ብዙም ሳይቆይ ያቺን ጥቁር ጣውላ እየጎተቱ ብቅ አሉ። መሬት ላይ ስትጎተት የምታወጣው ድምፅ፣ እመኑኝ፣ ከነጋሪት ይበልጥ ነበር። ኦቦ ኩምሳ እግር ሥር ጣሏትና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«አሁን ወፌ ደህና ናት» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብናገር አጋነነ ትሉኛላችሁ፤ ስለዚህ ቀንሼ ልናገር። መጀመሪያ አንድ ገበሬ ተነሣ፤ ከዚያ ሁለት፤ ከዚያ ሜዳው ተናደ። የጥጃ ቤት በር መጣ። የፈረስ ግርግም መጣ። የንብ ቀፎ መስቀያ ከነንቡ መጣና የተሸከመው ሰው ከሁላችን ቀድሞ ደረሰ። አንዱ ሙሽራ አልጋውን በትኖ ሲመጣ ሚስቱ ከኋላው፣ «እኔስ የት ልተኛ?» እያለች ትከተለዋለች። «ድልድዩ ላይ!» ይላታል። ሳቅ በሳቅ ሆንን። የሺወርቅ ቅቤዋን ረስታ ሚስማር ታቃናለች፤ እኔም ከመኪናዬ መዶሻና ጉጠት አውጥቼ የአገሩ ሁሉ የበላይ አናጢ ሆንኩ።

ግራዝማች ተድላ ግን አልተነሡም።

በመጀመሪያ ልብ ያለው አልነበረም። ጣውላው ተከምሮ፣ ኦቦ ኩምሳ ገና እንደታሰሩ፣ ሰው ሁሉ ዳኛው ተነሥተው ፍቱት እንዲሉ ይጠብቃል። ፊታቸው ቀልቷል፤ ከግንባራቸው ላብ ይወርዳል። ፀሐዩ በርትቶ ስለነበር አፍንጫዬን ሲነካኝ የዋለ ሽታ ባሰበት። ከጠዋት ጀምሮ የመኪናዬ ዘይት ይመስለኝ ነበር፤ አይደለም። ሬንጅ ነው። የጋለ ሬንጅ። የሚመጣውም ከነጩ አጎዛ ሥር ነው።

ኦቦ ኩምሳ እኔን አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። ኦቦ ዳዲም አዩን።

«ግራዝማች» አሉ ኦቦ ዳዲ በዝግታ፣ «አይነሡም?»

«ወንበሩን ያሠራሁት ቡራዩ ነው» አሉ ግራዝማች። ማንም ስለ ወንበሩ አልጠየቃቸውም ነበር።

«ደግ ወንበር ነው።»

«እንጨቱን ያመጡልኝ ሰዎች ናቸው። ከየት እንዳመጡት አልጠየቅሁም።»

«አዎን» አሉ ኦቦ ዳዲ። «ማን ይጠይቃል?»

ግራዝማች አዴ ደጊቱን አዩ። አሮጊቷ በጣውላዋ ላይ ተቀምጠው ያርፉ ነበር። ከዚያ ሰውየው፣ ይህንን ለክብራቸው እመሰክራለሁ፣ እንጨቱን ያመጡትን ሰዎች አስራችሁ አምጡ ማለት ይችሉ ነበር፤ ወታደር አላቸው፣ ሰንሰለት አላቸው። አላሉም። ባርኔጣቸውን አወለቁና ተነሡ።

ወንበሩም አብሮ ተነሣ።

ሬንጁ ከአጎዛው ጋር፣ አጎዛው ከነጩ ተፈሪ ሱሪ ጋር ተጣብቆ ኖሮ፣ የወረዳው ዳኛ መደገፊያቸውን ጀርባቸው ላይ አዝለው ሕዝብ ፊት ቆሙ። ለጥቂት ጊዜ ማንም መሳቅ አልደፈረም። ከዚያ ኦቦ ኩምሳ፣ እንደታሰሩ፣ «ጌታዬ፣ ወንበሩም ሊናዘዝ ፈልጓል መሰለኝ» አሉ።

መጀመሪያ የሳቁት ግራዝማች ራሳቸው ናቸው። አገጫቸው ተንቀጠቀጠ፣ ሆዳቸው ተከተለ፣ ወንበሩም አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ የሳቀው ሕዝብ ድምፅ እንጦጦን ተሻግሮ አዲስ አበባ ተሰምቷል ቢባል እኔ አልከራከርም። ሁለት ጎረምሳ ወንበሩን ሲጎትቱ የሱሪያቸው መቀመጫ እዚያው ቀረ፤ ካባቸውን ዝቅ አድርገው ሸፈኑት። በገዛ እጃቸው የኦቦ ኩምሳን ጠፍር ፈቱ።

«ዘበኛ» አሏቸው፣ «ወንበሬን ፍታው። እግሩም ይጠቅማል።»

ዝናቡ ሳይመጣ ስንቸኩል ጣውላው ሁሉ በየቦታው ተመታ። አንድ ክፍት ቀረ፤ መሐሉ ላይ፣ ውሃው ከሥሩ ነጭ ሆኖ የሚታይበት። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ።

«እሱ የእኔ ነው» አሉ ኦቦ ዳዲ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አይመጣም። ክረምት ላይ ወንድሜን ስቀብር አፈር ፊቱ ላይ እንዳይወድቅ ብዬ ከላዩ ረበረብኩት። አውጣው የሚለኝ ካለ ይንገረኝ።»

የሚላቸው አልነበረም። ከየት ይምጣ ግን? በአካባቢው ያለው ባሕር ዛፍ ገና ቀጫጭን ነው፤ ከሱባ እስኪመጣ የመንገዱ ሹም ይደርሳል። ደመናው ቀርቧል።

እንግዲህ እኔ ከማንም ጣውላ አልወሰድኩም። የዚያ አገር ሰውም አይደለሁም። በዚያ ሜዳ ላይ እጁ ንጹሕ የነበረ ሰው ቢፈለግ እኔና የሺወርቅ ብቻ ነበርን፤ እሷም ቅቤዋ ውስጥ ምን እንደምትቀላቅል እግዜር ነው የሚያውቅ። ቆሜ ክፍተቱን አየሁ። ያ እንግሊዝ የነገረኝ ከተማ ትዝ አለኝ፤ ራታቸውን በልተው የተኙት ሰዎች። ከዚያ ሁሉ ብሎን አጥባቂ መሐል አንዲት አዴ ደጊቱ ተነሥታ «ወፌ ዋሸች» ብትል ኖሮ አልኩ ለራሴ። የሰው ልጅ ወደፊት የሚኖረው እንዲህ ያለ ሰው በየሜዳው ከተገኘለት ነው፤ ካልተገኘለት በየግድግዳው ጥላ ሆኖ ይቀራል። ሲያስቡት ደግሞ፣ የማይነሣ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ እኔ አልወሰድኩም።

ወደ መኪናዬ ሄጄ የግራውን ስፖንዳ፣ የጭነት ሳጥኗን የጎን ግድግዳ፣ መፍታት ጀመርኩ።

«አንተ፣ አብደሃል? ቅቤዬ ይወድቃል!» አለች የሺወርቅ።

«ያዢው!»

«የያዘኝ ጥሩሰው ነው አላልክም?»

የስፖንዳዬን ሰፊ ሳንቃ ኦቦ ኩምሳ ተቀበሉኝ። አልመረቁኝም፣ አላመሰገኑኝም። በጣታቸው አንኳኩተው አዳመጡና፣ «ቀጭን ነው» አሉ። ከዚያ ክፍተቱ ላይ አስተካክለው አስቀመጡት፣ እኔም በሚስማር መታሁት።

የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ጠብ ሲል መኪናዬን አስነሣሁ። የሺወርቅና መንገደኞቹ ኑጉ ላይ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። ኦቦ ኩምሳ ጋቢያቸውን እያውለበለቡ ከፊት ከፊቴ ወደ ኋላ ይራመዳሉ። ሕዝቡ በሁለቱም ዳር ቆሟል፤ ግራዝማች ካባቸውን አጥብቀው ከሁሉም ፊት ናቸው። ማንም አልጮኸም። ጎማው ከጣውላ ጣውላ ሲሻገር እያንዳንዱ ሰው ጆሮውን ዘንበል አድርጎ የየራሱን ሲጠብቅ አየሁ። ዱም ሲል ሙሽራው ሚስቱን ይጎሽማል። ዱም ሲል አዴ ደጊቱ ዱላቸውን ያነሣሉ። የወንበሩ ጣውላ ዱም ሲል ግራዝማች ባርኔጣቸውን ነካ አደረጉ።

መሐል ስንደርስ ጥርት ያለ፣ ረጅም፣ ሜዳውን ሁሉ ያንቀጠቀጠ ድምፅ ወጣ። ቋ!

«ያ የማን ነው?» አለ አንዱ ከዳር።

ኦቦ ኩምሳ መራመዳቸውን ሳያቆሙ ሳቁ። «የሾፌሩ ነዋ! ሌላ ማን እንዲህ ይጮኻል?»